ለሠልስት የሚያደርስ መንገድ

ከጎንደር አክሱም ስንት ነው ቢባል በቤታችን አራት መልስ አለ። አያቴ «ሦስት ሰንበት መንገድ ላይ ያገኝሃል» ትል ነበር። እናቴ «ሽሬ አድሮ በማግስቱ ረፋድ ላይ ነው» ባይ ነበረች። እኔ ከዐርባ ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ስደርስ በሰዓቴ አይቻለሁ። ልጄ የምታውቀው ደግሞ በአዲስ አበባ ዞሮ መሄድን ብቻ ነው፤ ቦሌ ላይ የሚባክነው ጊዜ ሲደመርበት ግማሽ ቀን ይፈጃል ትላለች።

ካርታው ላይ ነገሩ ቀላል ይመስላል። ከአዘዞው የዐፄ ቴዎድሮስ አየር ማረፊያ እስከ አክሱሙ የዐፄ ዮሐንስ አየር ማረፊያ በቀጥታ መስመር 230 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመኪና ሲኬድ ከከተማ ከተማ 350 ያህል ይሆናል። በመካከል ያለው ልዩነት የስሜን ተራሮች ሥራ ነው። ቀጥታው መስመር የሚያልፈው በሳንቃበር አካባቢ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው አምባ ላይ ነው። መኪና እንደ ጭላዳ በገደል ላይ አይንጠለጠልምና መንገዱ በደባርቅ አድርጎ ሊማሊሞን ይወርዳል፤ ድብ ባሕርን፣ ዛሪማን፣ አዲ አርቃይንና ማይ ፀብሪን አልፎ ተከዜን ይሻገራል፤ ከዚያ ሽሬ ይወጣል፣ በሰለኽለኻም አክሱም ይገባል።

በዚህ መስመር ሁለት ጫፎች ላይ ሁለት እኅትማማቾች ይኖሩ ነበር፤ እናቴ ጎንደር፣ ታናሽ እኅቷ አክሱም። አክስቴን ያገባት የአክሱም ተወላጅ የሆነ መምህር ነው። ደባርቅ ተመድቦ ሲያስተምር ተዋወቁ፣ እዚያው ተጋቡ፣ ከዓመታት በኋላ አገሩ ይዟት ገባ። ከዚያ ወዲህ የመንገዱ ነገር የቤታችን የዘወትር ወሬ ሆነ። ደግሞ በእኛ አገር ዘመድ ቅርብ ነው፣ ሩቅ ነው የሚባለው ለቅሶ በመድረሱ ነው። ቀብር በዕለቱ ወይም በማግስቱ ያልቃል። ለቀብር ያልደረሰ ለሠልስት ይደርሳል፤ ሠልስቱ ያመለጠው ለዐርባው፣ እሱም ካለፈው ለሰማንያው ወይም ለሙት ዓመቱ ይመጣል። የጎንደርና የአክሱም ርቀት በእኔ ዕድሜና በእናቶቼ ዕድሜ በነዚህ ቀኖች መካከል ወዲያና ወዲህ ሲል ኖሯል።

አያቴ አክሱም የሄደችው ጣሊያን ከመግባቱ ከዓመታት በፊት፣ ገና ልጃገረድ ሳለች ነው። ኅዳር ጽዮንን ለመሳለም ከአባቷና ከጎረቤት ተሳላሚዎች ጋር ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ተነሡ። ስንቁ በሶና ዳቦ ቆሎ፣ በቅሎዋ ለሽማግሌዎቹ ብቻ ነበረች። ወገራን አቋርጠው ደባርቅ ላይ ገበያ ውለው ስንቅ ሞሉ። ሊማሊሞን የወረዱት ቁልቁል እየተቀመጡ እየተነሡ ነበር። ቆላው ውስጥ የሚፈራው ንዳድ ነበር፤ ተከዜ ላይ ደግሞ አዞ። ሲመሽ አንድ ደጅ ላይ ቆመው «የመሸብን እንግዶች ነን» ይላሉ፤ «ቤት የእግዜር ነው፣ ግቡ» ይባላሉ። አያቴ ያደሩበትን ቤት ሁሉ በባለቤቶቹ ስም ታስታውስ ነበር። ዛሪማ ላይ እግሯ ቆስሎ ሳለ ቅቤ አቅልጣ ያሸቻትን ሴትዮ እስክትሞት አልረሳቻትም። እኔ ልጅ ሳለሁ የዚያች ሴትዮ ልጅ ለሕክምና ጎንደር መጥቶ ከእኛ ቤት ሰነበተ። ማን እንደ ጠራው የጠየቀ አልነበረም።

ይህ መንገድ ከአያቴም በፊት በሳምንታት ሲለካ የኖረ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 በጥር ወር አክሱምን አልፎ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ ሊማሊሞን ወጥቶ ጎንደር የገባው በየካቲት አጋማሽ ነው። አያቴ ስሙንም አልሰማችም፤ ሂሳባቸው ግን ይገጥማል። እንግዲህ በዚያ ዘመን አክሱም ላይ አንድ የጎንደር ዘመድ ቢሞት፣ መርዶ ነጋሪው ሦስት ሳምንት፣ ለቀስተኛው ደግሞ ሌላ ሦስት ሳምንት ይወስዳል። ዐርባው በመንገድ ላይ ያልፋል። የሚደረሰው ለሰማንያ ነው።

ቢሆንም ሁለቱ ከተሞች በዚያ ዘመን ይራራቁ ነበር ማለት ይከብደኛል። ዐፄ ሱስንዮስ ሥርዓተ ንግሥ ለመፈጸም የሄዱት አክሱም ነው። ጎንደርን የቆረቆሩት ልጃቸው ዐፄ ፋሲልም የአክሱም ጽዮንን ቤተ ክርስቲያን እንደገና አሠርተዋል። ጫፍ ጫፉ ላይ ጥርስ ያወጣውን ግንብ ያየ የጎንደር ሰው የሠሪውን እጅ ያውቀዋል። አያቴ ከሦስት ሰንበት በኋላ አክሱም ስትደርስ ያየችው ይህንኑ ነው፤ «ጎንደር ቀድማኝ መጥታ አገኘኋት» ትል ነበር። በሥርዓቱ መሠረት ሴት ወደዚያ አትገባምና ከውጭ ተሳልማ ተመለሰች። እናቴ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጊዜ የተሠራው አዲሱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ገብታ ስትሳለም፣ የእናቷንም ድርሻ ጨምራ ሰግዳለች።

መኪና የሚያስኬደውን መንገድ ያመጣው ጣሊያን ነው። ከአስመራ ተነሥቶ በአክሱም አድርጎ ጎንደር የሚደርሰውን መንገድ ሲሠራ ሊማሊሞን ከገደሉ ጥርስ ላይ እየፈለፈለ፣ እየጠመዘዘ አወጣው። የሠራው ለሠራዊቱና ለስንቁ ነበር። በኋላም ሲሸነፍ የሸሸው ወደዚያው ተራራ ነው። ከደባርቅ አለፍ ብሎ ያለው የወልቅፊት በር በመስከረም 1934 ሲለቀቅ፣ የጎንደሩ ጦር ደግሞ በኅዳር 18 ቀን 1934 እጁን ሰጠ፤ ለኅዳር ጽዮን ሦስት ቀን ሲቀረው። መንገዱ ግን ቀረልን። በዚያው መንገድ ከዓመታት በኋላ አውቶቡስ መጣ፤ ሦስቱ ሰንበት ወደ ሁለት ቀን ወረደ።

ከእናቴ ጋር አክስቴን ልንጠይቅ የሄድነው በልጅነቴ፣ በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። መናኸሪያ የደረስነው ጎህ ሳይቀድ ነበር። ረዳቱ «ደባርቅ! አዲ አርቃይ! ሽሬ!» እያለ ይጣራል፤ ፖርቶ መጋላው ላይ ዶሮም፣ የማር እንስራም፣ ታስሮ የተጠቀለለ ፍራሽም ተጭኗል። እናቴ ለጉዞ የምትይዘው ሎሚ ነበር፤ ከዳባት በኋላ ለእኔም ለጎረቤትም ትከፍላለች። ደባርቅ ላይ የአክስቴ ባል የድሮ ባልደረቦች ምሳ አዘጋጅተው ጠበቁን። ከዚያ ሹፌሩ ጎማውን ዞሮ አየ፣ ፍሬኑን ሞከረ፣ አማተበ፤ አውቶቡሱም ጸጥ አለ። ሊማሊሞን በከባድ ማርሽ ስንወርድ በአንዱ መስኮት ደመናው ከእግራችን በታች ይታያል፣ በሌላው መስኮት አለቱ ክርናችንን ሊነካ ይደርሳል። ጠዋት ጋቢ ለብሶ ሲንቀጠቀጥ የነበረ ሰው ዛሪማ ላይ ሸሚዙን ከፍቶ ውኃ ይጠይቃል። እናቴ ዛሪማ ላይ ወርዳ የዚያችን ሴትዮ ቤት ጠየቀች፤ ሴትዮዋ ሞታለች፣ ልጇ ግን ከነልጆቹ ወጥቶ ሳመን፤ ሹፌሩም ጠበቀን። ሽሬ የደረስነው ከመሸ ነው። በማግስቱ ረፋድ ላይ አክሱም ነበርን።

አያቴ ያረፈችው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። ቀብሯ በዕለቱ ተፈጸመ። ቴሌግራሙ የደረሳት አክስቴ በማግስቱ ማለዳ አውቶቡስ ተሳፍራ፣ መንገድ ላይ አድራ፣ ልክ በሠልስቱ ደረሰች። የመጣችው ግን ብቻዋን አልነበረም። ከባሏና ከሁለት የአክሱም ጎረቤቶቿ ጋር ተነሣች፤ ዛሪማ ላይ የሴትዮዋ ልጅ ተሳፈረ፤ ደባርቅ ላይ እነዚያ መምህራን ከነሚስቶቻቸው ጨመሩ፤ ዳባትና አምባ ጊዮርጊስ ላይ የአያቴ የሩቅ ዘመዶች ወሬ ሰምተው ቆመው ጠበቁ። ከመናኸሪያ እስከ ሠፈራችን በእግር እየተላቀሱ ሲመጡ፣ አንድ ሙሉ አውቶቡስ ለቀስተኛ ነበር የመጣው። አንዱ በትግርኛ፣ አንዱ በአማርኛ ሙሾ ያወርዳል። አያቴ በልጅነቷ በእግሯ የሄደችው መንገድ ተመልሶ ሊያለቅስላት የመጣ መሰለኝ።

ከዚያ አብዮቱ፣ ከአብዮቱም በኋላ ጦርነቱ መጣ። በደርግ ዘመን በዚያ መንገድ መሄድ በእጀባና በዕድል ሆነ፤ በ1981 ሽሬና አክሱም ከመንግሥት እጅ ሲወጡ ደግሞ መንገዱ ጨርሶ ተቆረጠ። እናቴና አክስቴ ተያይተው ያለቀሱት መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው። በመካከሉ የሞቱት ሰዎች ስም በአንድ ቀን ተነግሮ፣ ለሁሉም በአንድ ቀን ተለቀሰ።

አውሮፕላን የገባው ወደ ታሪካችን በዚህ ሰዓት ነው፤ ወደ አገሩስ የገባው ቀደም ብሎ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ሲቋቋም የጀመረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተረፉ ሲ-47 አውሮፕላኖች ነበር። እነዚያና ወንድሞቻቸው ዲሲ-3ዎቹ በየአውራጃው የሣር ሜዳ ላይ እያረፉ ለብዙ ዓመታት አገሩን አገናኝተዋል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ፎከር 50 መጣ። ቱሪስቱ ታሪካዊ መስመር በሚለው ጉዞ በማለዳ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን እንደ መቁጠሪያ እየነካ የሚያልፈው እሱ ነበር።

የአክስቴ ባል ያረፈው ከኤርትራው ጦርነት በኋላ፣ በዚያ ዘመን ነው። ስልኩ የተደወለው ማታ ነበር። ጠዋት እናቴን ይዤ አዘዞ ደረስኩ። አንዳንድ ቀን በላሊበላ በኩል ይዞር የነበረው በረራ ያን ዕለት ቀጥታ ነበር። እናቴ አውሮፕላን ስትሳፈር የመጀመሪያዋ ነው። አስተናጋጇ ከረሜላ ስታድል እናቴ እጇን ሰበሰበች፤ «ለቅሶ ቤት ከረሜላ እየመጠጥኩ ልግባ?» አለችኝ በጆሮዬ። የፎከር ክንፍ ከመስኮቱ በላይ ስለሆነ ምድሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የስሜን ገደል ድንገት ከታችን ተከፈተ፤ አምባው፣ ሸለቆው፣ እንደ ክር የቀጠነው ጅረት። እናቴ ዓይኗን ሳትነቅል ቆየችና «ይህን ሁሉ ነው እናቴ በእግሯ የሄደችው?» አለች። ከዚያ ትንሽ አስባ፦

«ደባርቅስ?»

«አለፍናት፣ እማ።»

«ሳናያት?»

ሳልመልስላት አውሮፕላኑ መውረድ ጀመረ። የአጭር በረራ ጠባዩ ይኸው ነው፤ ከደቂቃዎቹ አብዛኛው ለመውጣትና ለመውረድ ይሄዳል። ከባሕር ዳር አየር ማረፊያ እስከ አዘዞ በቀጥታ 100 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢያልፍ ነው፤ ያንን ለመብረር ግን ሃያ ደቂቃ ገደማ ይፈጅ ነበር። አክሱም ከዚያ ከእጥፍ በላይ ቢርቅም የሚፈጀው ጊዜ እጥፍ ቢሆን ነው። ጣና ላይ ደግሞ ከባሕር ዳር ጎርጎራ የምትመላለሰው መርከብ ቁንዝላ ላይ አድራ በሁለተኛው ቀን ትደርስ ነበር። አንዱ ሐይቅ ከላይ ሲያዩት የሃያ ደቂቃ፣ ከላዩ ሲቀዝፉት የሁለት ቀን ነው።

ለቀብሩ ደረስን። አስከሬኑ ከቤት ሳይወጣ እናቴ ከእኅቷ አንገት ላይ ወደቀች። በቤተሰባችን ታሪክ ከጎንደር ተነሥቶ አክሱም ላይ ለቀብር የደረሰ ከእኛ በፊት አልነበረም፤ ለዚያ በረራ ሁልጊዜ አመሰግናለሁ። ሆኖም አክስቴ ከእቅፏ ቀና ብላ ከበሩ ወዲያ ስትመለከት አየኋት። ሰው እየጠበቀች ነበር፤ ከደባርቅ፣ ከዛሪማ የሚመጣ ሰው። የመጣነው ሁለት ነን። የቀሩት ገና መርዶውም አልደረሳቸው፤ ሠልስቱ ላይ በአውቶቡስ መጡ። እነሱ ሲገቡ ነው ለቅሶው እንደ ገና የተነሣው።

በአውሮፕላን መሄድ ከለመድኩ በኋላ ደባርቅ ያሉትን ሰዎች መጠየቅ እየተውኩ መጣሁ። ስሄድም ስመለስም ከበላያቸው አልፋለሁ። የዛሪማው ሰውዬ የልጅ ልጅ ሲዳር አልሄድኩም። ሊማሊሞን ከ4,000 ሜትር በላይ ሆኜ በመስኮት ለፈረንጅ ሳሳይ፣ ከሥሩ ስለሚኖረው ሰው የምነግረው አዲስ ወሬ አልነበረኝም።

የቀጥታ በረራው ዕድሜም ረጅም አልሆነም። የጎንደርን ሰው አክሱም የሚያመላልሰው አውሮፕላን አብዛኛው መቀመጫው በቱሪስት የተሞላ ነበር፤ ቱሪስቱ ሲሳሳ ለእኛ ብቻ ብሎ የሚነሣ አውሮፕላን የለም። ጥቅምት 24 ቀን 2013 የሰሜኑ ጦርነት ሲጀመር ሁሉም ተዘጋ። ኅዳር 4 ቀን ማታ በጎንደርና በባሕር ዳር አየር ማረፊያዎች ላይ ሮኬት ተተኮሰ። በዚያው ወር፣ በጽዮን ዋዜማ ሰሞን አክሱም ውስጥ ሰላማዊ ሰዎች በብዛት ተገደሉ። ሰኔ 24 ቀን ሽሬን ከጎንደር የሚያገናኘው የተከዜ ድልድይ ፈረሰ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ደግሞ ዳባት አጠገብ ጭና ላይ ገበሬዎች ከነቤተሰባቸው ተጨፈጨፉ። አያቴ ያደረችበት መንገድ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ለቅሶ ቤት ሆነ።

እናቴ ያረፈችው በ2014 ጥቅምት ነው። አክስቴ ጋ ስልክ የለም፣ መንገድ የለም፣ በረራ የለም። ቀብሩ፣ ሠልስቱ፣ ዐርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱም ያለ እኅቷ አለፉ። በአያቴ የእግር ዘመን እንኳ ለሰማንያው ይደረስ ነበር። ጦርነቱን ካቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ ስልክ ተከፍቶ ስደውልላት መርዶውን እንዴት እንደምጀምር ግራ ገብቶኝ ድምፄ ተያዘ።

«እትዬ…»

«ሰምቻለሁ ልጄ፣ ሰምቻለሁ። ሙት ዓመቷን እዚሁ ዘክሬአለሁ።»

ወሬው የደረሳት በመንገዱ ነው። ለቅሶ የመጡ የደባርቅ ሰዎች ለዛሪማ ነገሩ፣ ከዛሪማ ማይ ፀብሪ ደረሰ፤ ከዚያ ወንዙን የተሻገረ አንድ ሰው ሽሬ ላለች የባሏ ዘመድ አደረሰላት። ስንት ሳምንት እንደ ፈጀ አላወቀችም። እኔ ከላያቸው ሳልፍ የኖርኩት ሰዎች ናቸው የእናቴን ሞት ተሸክመው የሄዱላት።

ከዚያ ወዲህም ነገሩ ተስተካከለ አይባልም። በ2015 ሐምሌ መጨረሻ በክልላችን ግጭት ሲነሣ ወደ ጎንደር፣ ወደ ላሊበላና ወደ ደሴ የሚደረገው በረራም ለቀናት ተቋርጦ ነበር፤ የየብሱ መንገድ አንድ ቀን ክፍት ቢሆን ሌላ ቀን ዝግ ነው። በጦርነቱ የተጎዳው የአክሱም አየር ማረፊያ ተጠግኖ በ2016 ሥራ ሲጀምር በረራው ከአዲስ አበባ ሆነ። ልጄ አክስቴን ልትጠይቅ የሄደችው በዚያ ነው። ከጎንደር ወደ ደቡብ 420 ኪሎ ሜትር ያህል በርራ ቦሌ ትወርዳለች፤ ከቦሌ ወደ ሰሜን 570 ያህል በርራ አክሱም ትገባለች። 230 የነበረው 990 ሆነ ማለት ነው። ሲደረስ ግን ይደረሳል፤ ከብር በቀር ችግር የለውም ትለኛለች። እውነቷን ነው። የደባርቅንና የዛሪማን ሰዎች ስም ብጠይቃት ግን አታውቅም፤ ያላስተዋወቅኋት እኔ ነኝና አልፈርድባትም።

የኅዳር ጽዮን ሰሞን ሰው ሲሰበሰብ ቀጥታው በረራ ቢመለስ ምን ነበረበት የሚል ይጠፋል? አይጠፋም፤ እኔም እላለሁ። አክስቴ አርጅታለች፤ የእሷ ነገር ሲመጣ ደቂቃ የሚቆጥብ ነገር ሁሉ ያስፈልገኛል። ቢሆንም ምረጥ ብባል የማስቀድመውን አውቃለሁ። አውሮፕላን ሁለት ሰው ለቀብር አድርሷል። አውቶቡሱ ሁለት ቀን ዘግይቶ አገር ሙሉ ሰው ይዞ ይመጣል፤ የመጣውም ሰው ደግ ቀን ሲያልፍ መርዶ ተሸክሞ ወንዝ ይሻገራል። ለቀብር የሚያደርስ አውሮፕላን ቢገኝ እሰየው፤ ለሠልስት የሚያደርስ አውቶቡስ ግን ይቅደም።